ከአጥር ጥግ እስከ ድስት፦ ሳማን ሳይለበልባችሁ እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ

ሳማ ያልለበለበው የጅማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ኳሷ አጥር ዘላ ትሄዳለች፣ ልጁ ተከትሏት ይገባል፣ ከዚያ እግሩን ይዞ እየጮኸ ይወጣል። ብዙዎቻችን ስለ ሳማ የምናውቀው እዚህ ላይ ያበቃል። አድገን ግቢ ስናጸዳ ደግሞ መጀመሪያ ነቅለን የምንጥለው እሱን ነው።

እኔ ግን የሳማ ወጥ እየበላሁ ነው ያደግኩት። እናቴ የሰሜን ሸዋ ሰው ናት፣ ጅማ የመጣችው አባቴን አግብታ ነው። እዚህ ጎመኑም፣ ዱባውም፣ ጎደሬውም ሞልቶ እያለ ዝናብ ሲጀምር ዓይኗ የሚሄደው ከጓሮ አጥሩ ሥር ወደሚያቆጠቁጠው ሳማ ነበር። ታበስለዋለች፣ እንበላለን። ግን ድስቱ ገና እሳት ላይ እያለ እንግዳ በሩን ካንኳኳ ክዳኑ ይከደንና ወሬው ይቀየራል። ሳማ የችግር ቀን ምግብ ነው ስለሚባል ማፈሯ ነው። አንድ ቀን እኛ በአክብሮት አዴ የምንላቸው ጎረቤታችን ድንገት ገብተው አዩት። «ዶቢ ትበላላችሁ እንዴ?» አሉ፣ ሳማ በኦሮምኛ ዶቢ ነው። እናቴ ደነገጠች። እሳቸው ግን እንጀራ ቆርሰው ቀመሱና እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁ። እሳቸው ደግሞ ለሚታለብ ላም እንዴት አጠውልገው እንደሚሰጡ ነገሩን። ከዚያ ቀን በኋላ ድስቱ ተከድኖ አያውቅም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ነው። ሳማ የሚታፈርበት ነገር አይደለም። ቅደም ተከተሉን ካወቃችሁ አይለበልባችሁም፣ ካላወቃችሁ ግን እንኳን ልትበሉት ልትቀርቡትም አትፈልጉም። ከመለየት እንጀምር።

መጀመሪያ የትኛው ሳማ እንደሆነ ለዩ

በጅማ ዙሪያ የሚለበልብ ተክል አንድ ብቻ አይደለም። ቢያንስ ሦስቱን መለየት አለባችሁ።

የምንበላው ሳማ ሳይንሳዊ ስሙ ኡርቲካ ሲመንሲስ ነው። በዓለም ላይ የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ ይህን ስሰማ እኔም ገርሞኝ ነበር። «ሲመንሲስ» የሚለው ከስሜን የመጣ ነው፣ «ኡርቲካ» ደግሞ ማቃጠል ከሚለው የላቲን ቃል። ቁመቱ ከጉልበት እስከ ወገብ ቢሆን ነው። ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ደጋ ይወዳል። ከጅማ ወደ ዴዶ ከፍታ ስትወጡ ቅጠሉ ሲፋፋ ታያላችሁ፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ ጥላና እርጥበት ባለበት፣ በተለይ የከብት ፍግ በተደፋበት ጥግ ይገኛል።

ሁለተኛው ረጅሙ ሳማ ነው፣ ሳይንሱ ጊራርዲኒያ ይለዋል። ይህ ከሰው ቁመት ያልፋል። ቅጠሉ ሰፊና የተሰነጣጠቀ ነው፣ ግንዱ ላይ አንድ በዚህ አንድ በዚያ እየተፈራረቀ ይወጣል። የሚለበልበው ፀጉር ረጅም ስለሆነ ቆም ብላችሁ ካያችሁት በዓይን ይታያል። ለበለባው ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። ጀማሪ ከሆናችሁ ይህን ተዉት። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፣ የግንዱ ልጥ በጣም ጠንካራ ክር ይወጣዋል። ኔፓል ውስጥ ይኸው ተክል «አሎ» ይባላል፣ ልጡን ቀቅለውና ፈትለው ልብስና ገመድ ይሠሩበታል።

ሦስተኛው ላንቁሶ ነው። የጅማን ጫካ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። እሱም ይለበልባል፣ ልጡም ለማሰሪያ ይሆናል። ለድስት የምንፈልገው ግን እሱን አይደለም።

የማይለበልብ አሳሳችም አለ። ዳማከሴ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ነው፣ ጠርዙም ጥርሳም ነው፣ ከሩቅ ያምታታል። ዳማከሴ ግን ቅጠሉን ስታሹት ሽታው ያውዳል። ሳማ ይህን የመሰለ ሽታ የለውም። በእርግጥ ሳማን እያሻችሁ አትፈትኑም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፀጉሩን ፈልጉ።

ለምን ይለበልባል?

ይህን ማወቅ የሚቀጥለውን ሁሉ ያቀልላችኋል።

የስልካችሁን ካሜራ ወደ ቅጠሉ አስጠጉና አጉሉት። ቅጠሉና ግንዱ ላይ ነጫጭ ቀጥ ያሉ ፀጉሮች ታያላችሁ። እያንዳንዱ ፀጉር ውስጡ ክፍት ነው፣ ልክ እንደ መርፌ። ሥሩ ላይ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ እብጠት አለች። ጫፉ ደግሞ መስታወት ከሚሠራበት ዓይነት ነገር፣ ከሲሊካ የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል። ቆዳችሁ ሲነካው ጫፉ ቅጭ ይላል፣ የቀረው ሹል ሆኖ ይገባና ፈሳሹን ይወጋችኋል። ፈሳሹ ውስጥ ሂስታሚን፣ አሴቲልኮሊን፣ ሴሮቶኒን እና ፎርሚክ አሲድ አሉ። ማቃጠሉ፣ ማሳከኩና ቆዳው ላይ የሚወጣው እብጠት የነሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሳማ ሲበላ የሚመርዝ ቅጠል አይደለም። ችግሩ መርፌው ነው። መርፌው በፈላ ውኃ ይልፈሰፈሳል፣ ፈሳሹም ይበተናል፣ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ቅጠል ነው። ድሮ አንዳንድ ሰው ቅጠሉን እሳት ላይ ለብለብ አድርጎ ነበር ወደ ድስት የሚከተው። ሳማውም ይለበልባል፣ እሳቱም ይለበልባል፣ አማርኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ነው የሰጠው።

መቼና የት ይለቀማል?

ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው፣ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይቆያል። ጥሩው ሳማ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ለጋው ነው። ቁመቱ ከስንዝር ተኩል ሳያልፍ ብትደርሱበት ሙሉውን መቁረጥ ትችላላችሁ። ካደገ ጫፉን ብቻ ውሰዱ፣ ከላይ ያሉትን አራት ወይም ስድስት ቅጠሎች።

አበባ ካወጣ አትልቀሙ። ይህ ዝም ብሎ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ሲያረጅ ቅጠሉ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ የኖራ ፍሬ ይጠራቀማል፣ አፍ ውስጥ ይሻክራል፣ የሽንት ቧንቧንም ይቆጠቁጣል ይባላል። አበባው ሳማ ላይ እንደ ጽጌረዳ አይታይም፣ ከቅጠሉ ብብት የሚንጠለጠል አረንጓዴ ጭራ የመሰለ ነገር ነው። እሱን ካያችሁ ግንዱን ወደታች ቁረጡትና እንደገና እስኪያቆጠቁጥ ጠብቁ።

ቦታውን በተመለከተ ጥብቅ ሁኑ። ሳማ ናይትሮጅን የበዛበት አፈር ይወዳል፣ ማለትም ፍግ፣ ሽንትና ቆሻሻ ያለበት። ስለዚህ በጣም አምሮ የምታዩት ሳማ ብዙ ጊዜ የቆመው ሽንት ቤት ጀርባ ነው። እሱን አትንኩ። ጋራዥ አጠገብ ዘይት የፈሰሰበትን፣ የመኪና መንገድ ዳር አቧራ የጠጣውን፣ የከተማ ፍሳሽ የሚገባበትን የአዌቱን ወንዝ ዳር ሁሉ ተዉ። አረም መድኃኒት የተረጨበት ማሳ ዳርም አይሆንም። የራሳችሁ ጓሮ፣ የዘመድ ቡና ማሳ ጠርዝ፣ ወይም ገጠር ያለ ንጹሕ አጥር ይሻላል።

ሰዓቱ ጠዋት ነው፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ። እርጥብ ሆኖ ከለቀማችሁት ቶሎ ይጠቁራል።

አለቃቀሙ

የሚያስፈልጋችሁ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ መቀስ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ሱሪና ቦቲ ጫማ ነው። ስስ የሐኪም ጓንት አይሆንም፣ ፀጉሩ ይበሳዋል። ጓንት ከሌላችሁ እናቴ እንደምታደርገው እጃችሁን በሁለት ፌስታል ደርባችሁ ሸፍኑ፣ ወይም ቅጠሉን በከሰል መቆንጠጫ ያዙ።

በግራ እጃችሁ ጫፉን ያዙ፣ በቀኙ በመቀስ ቁረጡ፣ በቀጥታ ወደ ዘንቢል ጣሉት። አትንቀሉት፣ ቁረጡት። ሥሩ ከቀረ መልሶ ይሰጣችኋል። ደግሞ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፦ በጓንታችሁ ፊታችሁን አትንኩ። ላብ ሲወርድ እጅ ሳታስቡት ወደ ግንባር ይሄዳል። እኔ ዓይኔ ሥር ለብልቦኝ እስከ ማታ አብጬ ውያለሁ።

ስንት ይበቃል? ለአራት ሰው አንድ መካከለኛ ፌስታል ጠቅጠቅ ተደርጎ ይሞላ። ብዙ ይመስላል፣ ሲቀቀል ግን አንድ ጭብጥ ነው የሚሆነው።

ማጠብና መቀቀል

ሳማውን ሰፊ ሳፋ ውስጥ ገልብጡትና ውኃ ሙሉበት። በእጃችሁ ሳይሆን በእንጨት ማማሰያ አገላብጡት። ውኃው እስኪጠራ ሦስት ጊዜ ቀይሩ። ከቅጠሉ ሥር ትናንሽ ትሎችና ቀንድ አውጣዎች ይደበቃሉ፣ ውኃው ላይ ጨው ጣል ካደረጋችሁበት ይለቃሉ። ወፍራሙን ግንድ ጓንታችሁን ሳታወልቁ ለዩ።

ድስት ውስጥ ውኃ አፍሉ። በደንብ ሲንተከተክ ሳማውን በመቆንጠጫ እየጨመራችሁ ወደታች ድፈቁት። ለበለባው በአንድ ሁለት ደቂቃ ይጠፋል። ለወጥ ግን እዚያ አታቁሙ፣ እንዲለሰልስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀቀል። ቀለሙ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይሄዳል፣ ሽታው የጎመንና የዝናብ ጊዜ ሣር ሽታ ቅልቅል ነው። ከዚህ በኋላ ጓንታችሁን ማውለቅ ትችላላችሁ።

የቀቀላችሁበትን ውኃ አትድፉት። ብዙ ንጥረ ነገር እዚያ ውስጥ ቀርቷል፣ ለወጡ መረቅ ይሆናል።

የሳማ ወጥ

ሁለት ዓይነት አሠራር እሰጣችኋለሁ። የመጀመሪያው የእናቴ ነው፣ በልጅነቷ አገሯ እንደሚሠራው። የተቀቀለውን ሳማ ከውኃው ጋር እንዳለ እሳት ላይ አድርጋ በማማሰያ አጥብቃ ትመታዋለች። ማማሰል አይደለም፣ መምታት ነው፣ ቅጠሉ ተፈጭቶ ከውኃው ጋር አንድ እስኪሆን። ከዚያ የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት በሌላ እጇ በትንሽ በትንሹ እየበተነች ትጨምራለች፣ እንዳይጓጉል ማማሰያው አይቆምም። ጨው፣ በቃ። 10 ደቂቃ ይንተከተክና ይወርዳል። የገብስ ቂጣ ወይም ቆሎ ይዘው ይበሉታል። ሽንኩርትና ዘይት የሌለው ቀላል ምግብ ነው፣ ግን ጎተራው ባዶ በሆነበት ክረምት ስንቱን ቤተሰብ እስከ እሸት ያደረሰው እሱ ነው።

ሁለተኛው አሁን እኔ የምሠራው ነው።

ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፉና በአራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላሉት። እንዳይጠቁር እሳቱን ቀነስ አድርጉ። ስድስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣችሁ ጨምሩ። የተቀቀለውን ሳማ ከውኃው አውጥታችሁ መክተፊያ ላይ በቢላ ድቅቅ አድርጉት፣ ከሽንኩርቱ ጋር አምስት ደቂቃ አሹት። ከዚያ ሳማው የተቀቀለበትን ውኃ ሦስት ብርጭቆ ያህል አፍሱ። ሲፈላ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። ሽሮው በርበሬ ያለው ከሆነ ቀለሙ ይደፈርሳል፣ እኔ ነጭ ሽሮ እመርጣለሁ፣ አረንጓዴነቱ ይቀራል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀስታ ይብሰል። ሊወርድ ሲል ጨው፣ ተሰንጥቆ ፍሬው የወጣ ሦስት ቃሪያ እና ቁንጥር ኮረሪማ። ኮረሪማውን አትዝለሉት፣ ጅማ ተቀምጦ ያለ ኮረሪማ ማብሰል አይገባኝም።

ጾም ካልሆነ ለጋ ቅቤ ጠብ አድርጉበት። በትኩስ እንጀራ ይበላል፣ በበቆሎ ቂጣ ግን በጣም ይበልጣል። እንጀራው ኮምጣጣ ነው፣ ቂጣው ግን ጣፈጥ ስለሚል የሳማውን መራራ ጫፍ ያለዝበዋል።

ምላሳችሁ ላይ ከቆረቆራችሁ ወይ አልበሰለም ወይ አርጅቷል። አልበሰለም ከሆነ መልሱት፣ አርጅቶ ከሆነ መፍትሔ የለውም።

ሾርባና ሳምቡሳ

በረመዳን ጅማ ውስጥ ሾርባና ሳምቡሳ የሌለበት የማፍጠሪያ ማዕድ አይታሰብም። ሁለቱም ላይ ሳማ በጣም ይሄዳል።

ለሾርባው የተከካ አጃችሁን እንደወትሮው አብስሉ። ሊደርስ 10 ደቂቃ ሲቀረው ተቀቅሎ የተከተፈ ሳማ አንድ ጭብጥ ጨምሩ። ስጋ ካለው የበለጠ ነው።

ለሳምቡሳው ትልቁ ምስጢር ውኃው ነው። የተቀቀለውን ሳማ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራችሁ እስኪበቃው ጭመቁት። ውኃ ከቀረበት ሊጡ ይረጥብና ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ጭማቂውን ምስር ከቀቀላችሁበት ድስት ጨምሩት። ሳማውን ከበሰለ ምስር፣ ከተቁላላ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉና ጠቅልሉ። ልጆች ሳማ መሆኑን ሳታወሩላቸው በልተው ይጨርሳሉ።

ማድረቅ

ለጋው ሳማ የሚገኘው በዝናብ ወራት ነው፣ ማድረቅ የሚከብደውም በዚያው ወራት ነው። የጅማ እርጥበት ቅጠል ሳይደርቅ ያሻግተዋል። ስለዚህ ደጅ አታስጡት። ከ10 እስከ 15 ግንድ አንድ ላይ አስራችሁ ጭስ የማይበዛበት ማድ ቤት ጣራ ሥር ቁልቁል ስቀሉት፣ ወይም ወንፊት ላይ በስሱ በትናችሁ ሙቀት ካለው ምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ጥላ ይሻላል። ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ይፈጃል። ቅጠሉ ሲነካ ኮሽ ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም። ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ካወጣ ሻግቷልና ጣሉት፣ አታዝኑለት።

የደረቀ አይለበልብም ብላችሁ በባዶ እጅ አትሹት። መጀመሪያ ጊዜ እኔ እንደዚያ አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ ጣቶቼ ሲነዝሩኝ አድረዋል። ጓንት አድርጋችሁ አድቅቁት፣ በወንፊት ንፉት፣ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ከብርሃን አርቃችሁ አስቀምጡ። ስትነፉ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ብናኙ ያስነጥሳል።

ዱቄቱን ሽሮ ውስጥ፣ ቂጣ ሊጥ ውስጥ፣ ሾርባ ውስጥ አንድ ማንኪያ ማከል ይቻላል። ለሻይ አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ላይ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከድናችሁ አጥልሉት። ማር ያምርበታል።

መድኃኒትነቱን በተመለከተ

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም ሰው በዚህ ይጎዳል።

በአገራችን ሳማ ለጨጓራ ይበላል። ለደም ማነስ ይበላል። ለቁርጥማት ደግሞ ትኩሱን ቅጠል የሚያመው መገጣጠሚያ ላይ የሚመቱ አሉ፣ አውሮፓ ውስጥም በዘመዱ ሳማ ለዘመናት ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ሳማ ብረት፣ ካልሲየምና ጥሩ የፕሮቲን መጠን ያለው ቅጠል መሆኑ እውነት ነው። ምግብ ሆኖ አዘውትሮ ቢበላ ሰውነት ይጠቀማል።

ግን ጨጓራ የሚባለው ሕመም ብዙ ጊዜ ኤች ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። እሱን የሚያጠፋው በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የሳማ ወጥ ለስላሳ ስለሆነ ሆድ ሊያሳርፍ ይችላል፣ ባክቴሪያውን ግን ያጠፋል ብላችሁ አትጠብቁ። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ያስታወከ፣ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ካለ ሳማ ፍለጋ አትሂዱ፣ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። አንድ ዘመዴ ሕመሙን በቅጠላ ቅጠል ሲያባብል ከርሞ ደሙ ተሟጦ ነው የደረሰው። ዳነ፣ ግን ለትንሽ ነው።

ደም ማቅጠኛ፣ በተለይ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሳማ በብዛት እንዳይበላ። ሳማ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቃወማል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ ኩላሊቱን የታመመ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች መጀመሪያ ሐኪሟን ወይም ሐኪሙን ይጠይቁ፣ በተለይ ዱቄቱንና ሻይውን በየቀኑ ለመውሰድ ካሰቡ። በትኩስ ሳማ መገጣጠሚያ መምታቱን እኔ አልመክርም፣ አለርጂ ያለበትን ሰው አደጋ ላይ ይጥላል።

ልጆችን በሳማ መግረፍም ድሮ ነበር። በእኛ ጊዜም አልጠፋም። ይህ የሳማ ጥቅም አይደለም፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳያደርገው።

ከለበለባችሁ

አትከኩት። ስታኩት ተሰብሮ የቀረውን ፀጉር ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ከቻላችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ሳትነኩት ቆዩ፣ ከዚያ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃና ሳሙና እጠቡት። ፕላስተር ለጥፋችሁ መንጨት ቀሪውን ፀጉር ይዞ ይወጣል፣ ይህ በደንብ ይሠራል። ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አድርጉበት። ልጆች ሆነን ቱልት ፈልገን ቅጠሉን አድቅቀን ጭማቂውን እንቀባ ነበር፣ ሳማ ባለበት ቱልት አይጠፋም፣ ቅዝቃዜው ደስ ይላል። ማሳከኩ ከበዛ ፋርማሲ የአለርጂ ኪኒን ጠይቁ።

ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል፣ መነዝነዙ እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ መላ ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ቱልቱንም ፕላስተሩንም ትታችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

ለከብት፣ ለዶሮ፣ ለጓሮ

ላም ትኩስ ሳማ ትሸሻለች። አዴ እንዳሳዩን ማታ አጭዳችሁ አንድ ቀን ጥላ ላይ ካጠወለጋችሁት ፀጉሩ ይልፈሰፈስና ትበላዋለች። ከሣር ጋር ደባልቁት፣ ለብቻው አይሰጥም። ለዶሮ ደግሞ ቀቅላችሁ ክተፉና ከፉርሽካ ጋር አሹላቸው። የኛ ዶሮዎች ይህን ሲበሉ የእንቁላሉ አስኳል ቢጫነቱ ይጨምራል።

ለጓሮ የሚሆነው ፈሳሽ ማዳበሪያ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ትኩስ ሳማ ከትፋችሁ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ 10 ሊትር ውኃ አፍሱበት። የብረት ዕቃ አትጠቀሙ። ዘር የያዘውን አታስገቡ፣ ጓሮውን ሁሉ ሳማ ታደርጉታላችሁ። በጨርቅ ሸፍናችሁ በየቀኑ አማስሉት። ይሸታል፣ እውነት ለመናገር በጣም ይሸታል፣ ስለዚህ ከቤትና ከጎረቤት መስኮት አርቁት። ከ10 እስከ 14 ቀን አረፋ መድፈቁን ሲያቆም ደርሷል። አጥልላችሁ አንዱን እጅ በ10 እጅ ውኃ አቅጥኑና ሥሩ ላይ አጠጡ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ። ጎመን፣ ቃሪያና የቡና ችግኝ በዚህ ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን ታያላችሁ። ሳይቀጥን ከፈሰሰ ግን ችግኝ ያቃጥላል፣ መጠኑን አትሳቱ።

የራሳችሁን ሳማ ማቆየት

ንጹሕ ሳማ ሁልጊዜ እንዲኖራችሁ ከፈለጋችሁ አንድ ጥግ ስጡት። ዝናብ ሲጀምር ከደህና ቦታ ጣት የሚያህል ሥር ከነቡቃያው ቆፍራችሁ አምጡ። ልጆች የማይሮጡበት፣ ከሰዓት ጥላ የሚያርፍበት የአጥር ጥግ ምረጡ። ፍግ ቀላቅላችሁ አራት ጣት ጥልቀት ቅበሩት፣ በሥሩና በሥሩ መካከል ሁለት ስንዝር ክፍተት ተዉ። እንዳይስፋፋ ዙሪያውን የቆርቆሮ ቁራጭ ወደ መሬት አስገቡበት። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አትቁረጡት፣ ሥሩ ይያዝ። ከዚያ በኋላ በማጭድ ከመሬት አንድ ስንዝር ትታችሁ ስትቆርጡት ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ እንደገና ለጋ ሆኖ ይመጣል።

የኛው ከዴዶ በፌስታል የመጣ ነው። እናቴ ራሷ ነች የተከለችው፣ ማድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከመንገድ እንኳ በሚታይ ጥግ። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ከመውጣቴ በፊት አንድ ፌስታል እቆርጣለሁ፣ ከገበያ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ይዤ ስመለስ እሷ ውኃውን አፍልታ ትጠብቀኛለች።